የአውራ ጣትህ ነገር

ለማከብርህና ለምወድህ ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ? ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልህ ቅባት አሻለው? እትዬ ደህና ናት? በረንዳው ላይ በቆርቆሮ የተከልካቸው ቲማቲሞች አፈሩ ወይስ ድመቷ እንደ ልማዷ ተኛችባቸው? አንድ በአንድ ጻፍልኝ። በስልክ «ሁሉም ሰላም ነው» ብለህ ቶሎ ስትዘጋው ሰላም መሆኑን አላምንህም።

እኔ ደህና ነኝ፤ ሳልም ትኩሳትም የለብኝም። ብቻ አረንጓዴ ነገር መብላት ካቆምኩ ሁለተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። ሰሃን ላይ የሰላጣ ቅጠል ካየሁ አፌ ውሃ ይሞላል፣ ተነስቼ ወደ መታጠቢያ ቤት እሮጣለሁ። ጎረቤቴ ሁለት ቀን አየችኝና በሦስተኛው ቀን ፈገግ ብላ ምሥራች ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የምን ምሥራች ጋሼ፤ ተጸይፌ ነው። ምን እንዳስጸየፈኝ ልነግርህ ነው የምጽፈው። አደራህን፣ ቁጭ ብለህ፣ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው። እንደ ልማድህ ለእትዬ ሰጥተህ ጮክ ብላ እንድታነብልህ አታድርግ። ይህን በራስህ ዓይን እንድታየው እፈልጋለሁ።

በዚህ ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ይደርስሃል። ወፍራም ፖስታ ነው፣ የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት። ውስጡ የምስጋና ቀን ግብዣ አለ። ሰኞ ጠዋት ደጅህ ድረስ መኪና እንደሚልኩልህ፣ አዲስ ነጭ ጋዋን እንደሚያለብሱህ፣ ትልልቅ ገዢዎች በተሰበሰቡበት ስለ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሎትህ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጡህ ይላል። «ዓይናችን ነበሩ» የሚል ዐረፍተ ነገርም አለበት። ቃላቱ ያማምራሉ። የሚያማምሩት እኔ ስለጻፍኳቸው ነው። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። ትንሽ ሆድ የሚያባባ ነገር ጨምሪበት፣ አጎትሽ አይደል፣ ምን እንደሚያባባው አንቺ ታውቂያለሽ አለኝ። ጨመርኩበት። ከዚያ ወጥቼ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። አትምጣ።

እንደሚከብድህ አውቃለሁ። እትዬ ነግራኛለች። ከሥራ ከወጣህ ጀምሮ አሮጌውን ጋዋንህን በየቅዳሜው ታጥባለች፤ አንተ ራስህ ተኩሰህ ከበሩ ጀርባ ትሰቅለዋለህ። ስልክ በጮኸ ቁጥር በዚያ ጉልበትህ ከእሷ ቀድመህ ትደርሳለህ። «ያለ እኔ አይሆንላቸውም፣ አንድ ቀን ይጠሩኛል» ትላለህ አሉ። እውነትህን ነው፤ ያለ አንተ አልሆነላቸውም፤ ጠሩህም። ግን ጋሼ፣ የጠሩት አንተን አይደለም። ለማስረዳት ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝና ታገሠኝ።

የተመረቅሁ ሰሞን እጄን ይዘህ ወደ ግሪንሃውሱ ያስገባኸኝን ቀን አትረሳውም። ነጫጮቹ ቱቦዎች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ሰላጣ ተቀምጧል፣ ውስጥ ለውስጥ ውሃው ይሄዳል። አፈር የሌለው እርሻ ብዬ ሳቅሁ። አንተ አልሳቅህም። «አፈር ገመና ይሸፍናል፤ ውሃ ግን አይሸፍንም። አንዱ ከታመመ ሁሉም የሚጠጡት ያንኑ ውሃ ነው» አልከኝ። ከዚያ አንዱን ቅጠል በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ያዝ አድርገህ ጀርባውን ገለበጥክና እስቲ ምን ይታይሻል አልከኝ። ምንም አልታየኝም። አረንጓዴ ቅጠል ነው። አንተ ግን «ወዙ ጠፍቷል፤ ሥሩን ብታወጪው ጫፉ ቡኒ ነው» አልክ። አወጣሁት፤ ጫፉ ቡኒ ነበር። ሠራተኛው «ዶክተር ቅጠል» የሚልህ በቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ።

ያ አውራ ጣትህ ደግሞ ድሮ ሌላ እርሻ ሳለህ የፓምፕ ቤት በር የቀጠቀጠው፣ ጥፍሩ ከመሃል ተሰንጥቆ ጠቁሮ የቀረው ነው። ጓንት አድርግ ሲሉህ በጓንት የሰው ትኩሳት ይለካል ወይ ብለህ ትመልሳቸው ነበር። እኔ በልጅነቴ፣ እናቴ ሞታ አንተ ቤት በገባሁ ሰሞን፣ ያ ጣት ያስፈራኝ ነበር። ከዚያ ማታ ማታ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እጄን በእጅህ ይዘህ ፊደል ስታስጽፈኝ ጥፍሩን ከሥር እያየሁ ለመድኩት። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንተ» ስልህ ትቆጣኝ ነበር። አንተ ግን «ተያት፤ እርስዎ ያለችኝ ቀን ጎረቤት ሆነች ማለት ነው» ትላት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ካሜራው መጣ። አብሮትም ፐርሰንት መጣ። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን ምሳው ጣፍጦት እንደሆነ ሲጠየቅ «ሰባ ፐርሰንት» ብሎ የመለሰ ኢንጂነር ከዚያ በኋላ በስሙ ማን ይጠራዋል? ማሽኑ የታመመ ቅጠል ለይቶ እንዲያውቅ እናስተምረዋለን አለን። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ለሕፃን ፎቶ እያሳየህ የነገሩን ስም እንደምትነግረው ነው። ይህ ጤነኛ ነው፣ ይህ በሽተኛ ነው እያልክ ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ ትነግረዋለህ፤ በመጨረሻ አንተ ሳትነግረው ራሱ ይለያል።

ጤነኞቹን ካሜራው ከላይ ባለው ሐዲድ ላይ እየሄደ በተቀመጡበት አነሳቸው። በሽተኞቹ ግን መልካቸው እንደ ጤነኛ ስለሆነ ያለ አንተ አልተገኙም። አንተ እየዞርክ ትፈልጋለህ፣ ታገኛለህ፣ በጣትህ ያዝ አድርገህ ወደ ካሜራው ቀና ታደርጋቸዋለህ። ስድስት ሺህ ቅጠል እንዲህ ተነሳ። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ «በሽተኛ» የሚለውን ቁልፍ ስድስት ሺህ ጊዜ ነካሁ። በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ አውራ ጣትህ አለ። ስድስት ሺህ ጊዜ ዓይኔ አርፎበታል፣ አንድ ቀን ልብ አላልኩትም። የቤት ሰው ነዋ። ፐርሰንትም ልብ አላለውም፣ አንተም አላልከውም። ማሽኑ ብቻ ነው ልብ ያለው።

ከዚያ ማሽኑ ሲፈተን ዘጠና ስምንት አገኘ። ፈተናው የወጣው ከዚያው ከተማረበት የፎቶ ክምር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ውጤቱን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ መግቢያው ላይ ለጠፈው። ቀጥሎ ያመጣውን ሐሳብ አንተም ታውቀዋለህ፤ ሰውየውንና ማሽኑን እናወዳድር አለ። በአንድ መስመር ላይ ሁለት መቶ ሰላጣ ተመረጠ። አንተ ዞረህ አርባ አንዱ ላይ ቀይ ክር አሰርክ። ካሜራው በሐዲዱ ላይ አለፈ፤ ቅጠል የያዘ ሰው አልነበረም፤ ሁለት መቶውንም ጤነኛ አላቸው። ሁለት መቶ ነፍስ ተሰብስቦ አንድ ጉንፋን የያዘው የሌለበት የት አገር ነው? ይህን የጠየቀ የለም። አንተ ብቻ ስድስት ቀን ጠብቁና ሥሮቻቸውን አውጥታችሁ እዩ አልክ። በውድድሩ ደንብ ላይም አስጻፍከው።

ሪፖርቱ ግን የተጻፈው በሦስተኛው ቀን ነው።

ስለዚህ ሪፖርት የማውቀውን ሁሉ ልንገርህ። የጻፈው ሰው ስድስት ቀን መጠበቅ እንዳለበት አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለዓርብ ስብሰባ ፈለገው፤ ያ ሰውም ሐሙስ ጠዋት በመስመሩ ላይ አንድ ጊዜ ተመላለሰ፣ ቅጠሎቹ አረንጓዴ ናቸው፣ ሥር አላወጣም፣ ተቀምጦ «ባለሙያው ከሁለት መቶው በአርባ አንዱ ተሳስተዋል» ብሎ ሞላ። እስከዚህ ድረስ ፈሪ ነው ብለን እንለፈው። ግን አልበቃውም። ከታች «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ ነበረ። እዚያ ላይ በብዕሩ «የባለሙያው ዓይን በዕድሜ ምክንያት የደከመ ይመስላል» ብሎ ጨመረ። ማንም ጨምር አላለውም ጋሼ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ አላዘዘውም። ባዶ ቦታ ነበረ፣ ባዶ ቢተወው ማንም አይጠይቀውም ነበር። ከሰማሁትና ካየሁት ሁሉ እንደዚያች አንዲት መስመር የሚያንገሸግሸኝ የለም። ያ ሰው አንተ ስትሄድ አንድ ወንበር እንደሚለቀቅ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዓርብ ዕለት ሪፖርቱ ሲነበብልህ እኔ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ወደ እኔ አዞረና የሚለው ነገር ካለ ጠይቂው አለኝ። እኔም «እርስዎ የሚሉት ነገር አለ?» አልኩህ። ሰው ፊት ስለሆንን ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንተ አየኸኝ። ስድስቱን ቀን ጠብቁ ብለህ ተቀመጥክ።

ሰኞ ዕለት ስድስቱ ቀን አልፎ ነበር። የማሸጊያ ክፍሏ ኃላፊ፣ ያቺ ካርቶን በእጇ አንስታ ኪሎውን የምትናገረው «ሚዛን» የምንላት ሴትዮ፣ ቀይ ክር ያለባቸውን አንድ በአንድ ነቅላ አየቻቸው። ከአርባ አንዱ የሠላሳ ዘጠኙ ሥር ሟሙቶ እንደ ንፍጥ ተዝለግልጓል። ወደ እኔ መጥታ ሽማግሌው ልክ ነበሩ፣ አሁን ምን ይሻላል አለችኝ። አንተ መታወቂያህን አስረክበህ ከወጣህ ሁለት ቀን ሆኖህ ነበር። እኔ እሺ ገባኝ አልኳት። ወደ ወረቀቴም ተመለስኩ።

የጥራት ኃላፊ ተብዬ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛህ ተሰጠኝ። ይህን ያኔ በስልክ ስነግርህ እንኳን ደስ አለሽ አልከኝ። መሳቢያው ውስጥ ያች እጀታዋ በፕላስተር የተጠቀለለች ማጉያ መነጽርህን ረስተህ ሄደሃል። እስከ ዛሬ አልነካኋትም፤ መሳቢያውን ስከፍት በወረቀት እሸፍናታለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሁሉም ነገር ሠርግና ምላሽ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ከጠዋት እስከ ማታ አረንጓዴ ያበራል። ሥራ አስኪያጁ በሽታን ከግሪንሃውሱ አጠፋሁት እያለ በየስብሰባው ይፎክራል። የጠፋው በሽታው ሳይሆን የሚያየው ሰው ነበር። ከዚያ ካርቶኖች ይመለሱ ጀመር። የመጨረሻው የመጣው ከአንድ የአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ላዩ ላይ ወጥ ሠሪዋ በእርሳስ «ይህን የላካችሁት ለልጆች ነው ወይስ ለአሳማ?» ብላ ጽፋበታለች።

ከሚዛን ጋር ሆነን ከፈትነው። ለሳምንት ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ካልሲ ይሸታል። የላዩ ቅጠል ደህና ይመስላል፤ ጣትህን ስትሰድ ግን መሃሉ ይሟሟና በጣቶችህ መካከል ይዝለገለጋል። አንዱ ዝልግልግ ጥፍሬ ሥር ገባ፤ ሦስት ቀን እዚያ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ አየና የላይ የላዩን ላጡት፣ ደህናውን አውጡና በአዲስ ቀን መልሳችሁ እሸጉት አለ። ሚዛን እኔን አየችኝ። የጥራት ኃላፊዋ እኔ ነኛ። ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። ካርቶኑ ተመልሶ ልጆች ወደሚበሉበት ሄደ። አረንጓዴ ነገር መብላት ያቆምኩት ከዚያች ፊርማ ጀምሮ ነው። የሌላውን ሰው ቆሻሻ አይተህ ትጸየፍና ታጥበህ ትወጣለህ፤ የራስህን ግን የት አድርሰህ ትታጠበዋለህ?

በማግስቱ ከላጥናቸው ቅጠሎች አንዱን፣ የበሰበሰውን፣ ካሜራው ፊት አስቀመጥኩት። «ጤነኛ፣ ዘጠና ዘጠኝ» አለ። በእጄ ይዤ አሳየሁት፤ አሁንም ጤነኛ ነው አለ። ፐርሰንትን ጠራሁት። እሱም ሞከረ፣ ላቡን ጠረገ፣ ከዚያ አንድ ፕሮግራም ከፈተ። ፕሮግራሙ ማሽኑ ሲፈርድ ፎቶው ላይ የቱን ቦታ አተኩሮ እንዳየ በቀይ ቀለም ያሳያል። የድሮዎቹን ፎቶዎች፣ አንተ የያዝካቸውን አመጣን። ቅጠሉ በሙሉ ሰማያዊ ነው፤ ማሽኑ ዞር ብሎም አላየውም። ቀዩ በሙሉ የተከማቸው ጥግ ላይ፣ አውራ ጣትህ ላይ፣ ያ የተሰነጠቀው ጥፍርህ ላይ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። መቶኛውም እንዲሁ። ማሽኑ ስለ ቅጠል የሚያውቀው ምንም ነገር የለም። የሚያውቀው አንተን ብቻ ነው። ጥፍርህን ካየ በሽተኛ ይላል፣ ካላየ ሁሉም ሰላም ነው ይላል። ፐርሰንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ጠፍቶት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

እኔ ደግሞ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ የምረቃዬን ቀን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ ለማሽኑ አሳየሁት። ያንን አንተ ከኋላዬ ቆመህ እጅህን ትከሻዬ ላይ ያሳረፍክበትን ነው። አውራ ጣትህ ከፊት ትታያለች፤ እኔ ጥርሴ እስኪታይ እስቃለሁ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና «በሽተኛ፣ ዘጠና ሰባት» አለ። ፐርሰንት ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ቀይዋ ያረፈችው ያው ጥፍርህ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የተያዝኩት እኔ ነኝና፣ ያ ማሽን ከተፈጠረ ጀምሮ አንዲት እውነት የተናገረው ያን ጊዜ መሰለኝ።

ለሥራ አስኪያጁ አብረን ነገርነው። ለውዝ እየፈለፈለ፣ ገለባውን ጠረጴዛው ላይ እፍ እያለ ሰማን። ከሠራተኛ ጋር ከተጨባበጠ በኋላ እጁን በአልኮል የሚያሸው ሰውዬ መሆኑን አትርሳ። ፐርሰንት ነገሩ ከሥሩ መስተካከል እንዳለበት፣ ቅጠሎቹ እንደገና ያለ እጅ መነሳት እንዳለባቸው፣ ለዚህም ወራትና የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልግ አስረዳው። ሥራ አስኪያጁ ለውዙን አላመጠና «ታዲያ ጣቱ ከሆነ ጣቱን አምጡልኛ» አለ። ሰኞ ገዢዎቹ ይመጣሉ፤ ሽማግሌው ጋዋን ለብሶ ቅጠሉን ያነሳል፣ ማሽኑ ቀይ ያበራል፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ ስለ ሌላው በኋላ እናስባለን አለ። ሽማግሌ ደግሞ ለፎቶ ጥሩ ነው አለ። ጥቂት አሰበና ፎቶ ላይ እንዳያስጠላ ያንን ጥፍር አስተካክሎ ይምጣ አለ። ፐርሰንት እያፈረ፣ አይሆንም፣ ማሽኑ የሚያውቀው የተሰነጠቀውን ነው ብሎ መለሰለት። እሺ እንዳለ ይምጣ አለ። እምቢ ካለ የላስቲክ ጣት ማሠራት ይቻል እንደሆነም ጠየቀ። ፐርሰንት ቀልዱን መስሎት ሳቀ፤ ሰውየው አልሳቀም።

አየህ ጋሼ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያየውን ዓይንህን አስወጥተው፣ ምንም የማያየውን ጥፍርህን በመኪና ሊያስመጡ ነው። ያ ተተኩሶ ከበርህ ጀርባ የተሰቀለው ጋዋን ለዚህ እንዲለበስ አልፈልግም። የምስክር ወረቀቱን ተቀብለህ፣ እንግዶቹ አጨብጭበውልህ፣ ደስ ብሎህ ወደ እትዬ ስትመለስ ሳስበው ዝልግልጉ እንደገና ጥፍሬ ሥር የገባ ይመስለኛል። እውነቱ ሳይነገርህ ደስ ከሚልህ ተነግሮህ ብትቆጣ ይሻለኛል።

እኔ ማድረግ የምችለውን ጀምሬያለሁ። ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ትናንት በእግሬ ሄጄ ነገርኳት፤ የኛን ካርቶን አትክፈቺው አልኳት። ስድብ አወረደችብኝ። እስክትጨርስ ቆሜ ሰማሁ፤ አንድም ቃል አልበዛብኝም። ሰኞ ደግሞ እንግዶቹ ሲመጡ አንተ አትኖርም፣ ስለዚህ ቅጠሉን የማነሳው እኔ ነኝ። የታመመውን ሰላጣ ከነሥሩ በባዶ እጄ ይዤ ካሜራው ፊት አነሳዋለሁ። ማሽኑ ጤነኛ ነው ይላል፤ የእኔን እጅ አያውቀውም። ከዚያ ገልብጬ ሥሩን አሳያቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ያሽትቱት። ፐርሰንት የጣትህን ቀይ ፎቶ በትልቁ አትሞ አጠገቤ ሊቆም ቃል ገብቷል። ሙሉ በሙሉ ወይ ብለው ሰማንያ ፐርሰንት አለኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ የዚያኑ ቀን ባዶ ይሆናል። ማጉያ መነጽርህን ይዤልህ እወጣለሁ።

ምናልባት ከዚያ በኋላ አንድ ጤነኛ ሰው ተነስቶ ይህን ነገር እንደገና በሥርዓቱ እንጀምር ይል ይሆናል። ያኔ ከጠሩህ፣ ስምህ ከላይ ተጽፎ፣ ስድስት ቀን የምትለው ስድስት ቀን ሆኖ፣ ቅጠሉን አንተ ፈርደህ ማሽኑ ከአንተ ዓይን እንዲማር ከሆነ ሂድ። ከዚህ ባነሰ አትሂድ። ፐርሰንትም የማሽኑ ጥፋት አይደለም ይላል፤ ያሳየነውን ነው የተማረው። እውነቱን ነው፤ በማሽኑ ላይ የምጸየፈው ነገር የለኝም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጽፌ ጽፌ እዚህ የደረስኩት እሱን ለማዘግየት እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም።

የዚያን ሪፖርት ቅጂ ሰጥተውሃል። እትዬ እንደምትለው አሁንም ድረስ በጋዋንህ የደረት ኪስ ውስጥ ነው፤ ስታጥብ አውጥታ ትመልሰዋለች። ያን ዓርብ ከስብሰባው ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንቆም ወረቀቱን ከዓይንህ አራቅ አድርገህ፣ ቅጠል እንደምታይበት አስተያየት፣ ብዙ ጊዜ አየኸው። «ማን እንደጻፈው ታውቂያለሽ?» አልከኝ። ቢሮ ነው አልኩህ። አንተም «ጽሕፈቱ ያምራል» አልክና በአራት አጥፈህ ኪስህ ከተትከው። ከዚያ ቀን ወዲህ በስልክ «ሁሉም ሰላም ነው» ብለህ ቶሎ ትዘጋለህ።

በሕይወቴ ሙሉ ዓይንህ በእርግጥም የደከመ እንዲሆን የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ተነስና ወረቀቱን ከጋዋንህ ኪስ አውጣው። ከዚህ ደብዳቤ ጎን ዘርጋው። መነጽርህን አድርገሃል፤ ጊዜ ወስደህ ጽሕፈቱን አስተያይ። ማሽኑ እጄን አያውቀውም፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ። በደብዳቤው ሁሉ «አንተ» እያልኩ ጻፍኩልህ፤ ካስተያየህ በኋላ «እርስዎ» በይኝ ብለህ ብትጽፍልኝ መብትህ ነው፤ እላለሁ። ዝም ብትለኝም ይገባኛል። ብቻ በስልክ ሁሉም ሰላም ነው አትበለኝ።

ፈጣሪ ዓይንህን ይጠብቅልኝ። ጉልበትህን ያጽናልህ። ለእትዬ ጤና ይስጥልኝ፤ ቲማቲሞችህም ከድመቷ ተርፈው ለመብላት ያብቃችሁ። እኔን ደግሞ ይቅር የምትለኝ ቀን ካለ፣ ያን ቀን ለማየት ዕድሜ ይስጠኝ።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እጇን ይዘህ ፊደል ያስጻፍካት፣
የእህትህ ልጅ